ምላሽ ያጣ ጥያቄ፦ የጊዜ ገደብና ስረዛ በአሲንክሮነስ የድር ፕሮግራም

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ላሉ ፔንሲዮኖች የክፍል ማስያዣ ድረ ገጽ እየሠራን ነው እንበል። እንግዳው በስልኩ የሚመጣበትን ቀን ይመርጣል፤ ገጹ ያልተያዙትን ክፍሎች ከሰርቨር አምጥቶ ያሳያል፤ እንግዳውም ቀብዱን በሞባይል ገንዘብ ይከፍላል። ቢሮ ውስጥ ተቀምጠን ስንሞክረው እያንዳንዱ እርምጃ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ስለሚያልቅ፣ ጥያቄው ቢዘገይ ምን ይሆናል ብሎ የሚያስብ አይኖርም። ያው ገጽ ግን ዓርብ ማታ ከአዲስ አበባ በሚመጣ አውቶቡስ ውስጥ፣ ኔትወርኩ መጣ ሄደ በሚልበት መንገድ ላይ ሲከፈት፣ የመጫኛው ምልክት ያለማቋረጥ ይሽከረከራል፤ እንግዳውም መክፈል አለመክፈሉን ሳያውቅ አዝራሩን ደጋግሞ ይጫናል።

ይህ መመሪያ እንዲህ ያለውን ሁኔታ በአሲንክሮነስ ኮድ፣ ማለትም ጥያቄ ልኮ ምላሹ እስኪመጣ ሌላ ሥራውን በሚቀጥል ኮድ፣ እንዴት መያዝ እንደሚገባ ያሳያል። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው በብራውዘር ውስጥ ስለሚሠራው ጃቫስክሪፕት ናቸው፤ ሌሎቹ ቋንቋዎች በአጭሩ ይነሳሉ። ከሁሉ አስቀድሞ መጨበጥ ያለበት ነጥብ አንድ ነው። የጊዜ ገደብ ሲያልቅ የምናውቀው እኛ መጠበቅ ማቆማችንን ብቻ ነው፤ በወዲያኛው በኩል ሥራው ይቁም፣ ይቀጥል ወይም ቀድሞ ተጠናቅቆ ይሁን አናውቅም። ብዙው የኮድ ስሕተት የሚመነጨው እነዚህን ሁለት ነገሮች እንደ አንድ ከመቁጠር ነው።

ዝምታው ከየት ይመጣል

ጥያቄ በሁለት መንገድ ይከሽፋል። አንደኛው ወዲያው ራሱን የሚገልጠው ነው፤ ሰርቨሩ ግንኙነቱን አልቀበልም ሲል ወይም ስልኩ ጭራሽ ኔትወርክ እንደሌለው ሲያውቅ፣ ስሕተቱ በቅጽበት ይመጣል፣ ኮዳችንም ይይዘዋል። ሁለተኛው ድምፁን አጥፍቶ የሚቀረው ነው። ለምሳሌ ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ ካፌ መብራት ሲጠፋ ራውተሩ በባትሪ መሥራቱን ሊቀጥል፣ ከራውተሩ ወዲያ ያለው መሣሪያ ግን ሊጠፋ ይችላል። ስልኩ አሁንም ከዋይፋዩ ጋር እንደተገናኘ ነው፤ የሚልካቸው ፓኬቶች (የመረጃ ቁርጥራጮች) ግን የትም አይደርሱም፤ አልደረሱም ብሎ የሚነግረውም የለም።

በዚህ ጊዜ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ራሱ በቶሎ ተስፋ አይቆርጥም። ሊኑክስ አዲስ የቲሲፒ (ፓኬቶች መድረሳቸውን የሚቆጣጠረው የኢንተርኔት ደንብ) ግንኙነት ለመክፈት የላከው የመጀመሪያ ፓኬት መልስ ሲያጣ፣ ለረጅም ዓመታት በነበረው መደበኛ ቅንብሩ 6 ጊዜ ደግሞ ይልካል፤ በየመካከሉ የሚጠብቀው ጊዜ 1፣ 2፣ 4 ሰከንድ እያለ በእጥፍ ስለሚያድግ፣ ስሕተት የሚመልሰው ከ127 ሰከንድ በኋላ ነው። ጥያቄው ሰርቨሩ ጋር ከደረሰ በኋላ መስመሩ ቢቋረጥ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ምላሽ ጠባቂው ወገን የሚልከው ነገር ስለሌለው የመስመሩን መሞት የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ኪፕአላይቭ የተባለው የመስመር ፍተሻ ፕሮግራሙ ካልጠየቀ አይሠራም፤ ተጠይቆም ቢሆን በሊኑክስ መደበኛ ቅንብር የመጀመሪያው ፍተሻ የሚላከው ከ7200 ሰከንድ፣ ማለትም ከሁለት ሙሉ ሰዓት በኋላ ነው። እንግዳችን ያን ጊዜ ሐዋሳ ደርሶ፣ ሌላ ቦታ ክፍል ይዞ ተኝቷል።

የምንጠቀምባቸው ላይብረሪዎች (ዝግጁ የኮድ ስብስቦች) ይህን ክፍተት ይሞሉልናል ብሎ ማሰብም አያዋጣም። ብራውዘሩ ጥያቄ የሚልክበት ፌች የተባለው ተግባር በራሱ የጊዜ ገደብ የለውም። አክሲዮስ የተባለው የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ መደበኛ ገደብ 0 ነው፣ ማለትም ገደብ የለውም፤ የፓይተኑ ሪኩዌስትስና የጎላንግ መደበኛ የኤችቲቲፒ ክላየንትም (ጥያቄ ላኪው ኮድም) እንዲሁ ካልተነገራቸው ገደብ አያደርጉም። ገደብ ያላቸውም ቢሆኑ አይስማሙም፤ የፓይተኑ ኤችቲቲፒኤክስ 5 ሰከንድ፣ የዶትኔቱ ኤችቲቲፒ ክላየንት 100 ሰከንድ፣ ኤአይኦ ኤችቲቲፒ ደግሞ 5 ደቂቃ ይጠብቃሉ። ስለዚህ ገደቡን በእያንዳንዱ ጥያቄ ላይ ራሳችን መጻፍ አለብን፤ ላይብረሪው ያስቀመጠው ቁጥር ቢስማማን እንኳ በኮዳችን ውስጥ በግልጽ መጻፉን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም በኋላ የሚያነበው ሰው ገደቡ ታስቦበት የተቀመጠ መሆኑን ያያል።

ስንት ሰከንድ ይበቃል

ቁጥሩን ከመምረጥ በፊት አንድ ጤነኛ ጥያቄ በትንሹ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ ማስላት ይገባል። አዲስ ግንኙነት ለመክፈት ቲሲፒ አንድ ምልልስ (መልእክት ሄዶ መልሱ እስኪመለስ ያለውን ጉዞ) ይፈልጋል፤ መረጃውን በምስጢር የሚያስተላልፈው ቲኤልኤስ 1.3 ሌላ አንድ ምልልስ ይጨምራል፣ አሮጌው ቲኤልኤስ 1.2 ደግሞ ሁለት፤ ጥያቄውና ምላሹ ራሳቸው አንድ ምልልስ ናቸው። ሰርቨሩ አውሮፓ ውስጥ ቢቀመጥና አንድ ምልልስ 200 ሚሊ ሰከንድ ቢፈጅ፣ በቲኤልኤስ 1.3 ሰርቨሩ ምንም ሳይሠራ 600 ሚሊ ሰከንድ ያልቃል። በደካማ የሞባይል መስመር ምልልሱ 800 ሚሊ ሰከንድ ቢሆን ያው ሒሳብ 2.4 ሰከንድ ይሆናል፤ የመጀመሪያው ፓኬት አንዴ ቢጠፋ ደግሞ ሌላ 1 ሰከንድ ይጨመርበታል። እንግዲህ ጥሩ መስመር ባለበት ቢሮ ተቀምጦ የ2 ሰከንድ ገደብ የሚጽፍ ፕሮግራመር፣ ሳያስበው ደካማ መስመር ያላቸውን ተጠቃሚዎች በሙሉ ከገጹ እያስወጣ ነው።

በእኔ ግምት ለክፍል ፍለጋ 8 ወይም 10 ሰከንድ ተገቢ መነሻ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚታገሥ ሰው ጥቂት ነው። ከገጹ ጀርባ በፀጥታ ለሚላክ፣ ለምሳሌ የጎብኚ ቆጠራ ለሚያደርግ ጥያቄ ከ3 ወይም ከ5 ሰከንድ በላይ መጠበቅ ባትሪ ማባከን ነው። የክፍሉን ፎቶግራፍ ለሚጭን የፔንሲዮን ባለቤት ግን ጠቅላላ ገደብ አይስማማም፤ ፋይሉ ትልቅ፣ መስመሩም ቀርፋፋ ሊሆን ስለሚችል፣ መለካት ያለበት ምንም ባይት ሳይንቀሳቀስ የቆየው ጊዜ ነው፤ ለ20 ሰከንድ አንድም ባይት ካልሄደ መቁረጥ፣ እየሄደ ከሆነ ግን መታገሥ። እነዚህ መነሻዎች ብቻ ናቸው፤ ገጹ ሥራ ከጀመረ በኋላ የሰርቨሩን መዝገብ አይቶ ከመቶው ጥያቄ 99ኙ ያለቁበትን ጊዜ መውሰድና በላዩ መጠነኛ ትርፍ ጨምሮ ገደቡን ማስተካከል ይሻላል።

ገደቦቹ እርስ በርስም መጣጣም አለባቸው። ብራውዘሩ 10 ሰከንድ ብቻ እየጠበቀ፣ ከሰርቨሩ ፊት የተቀመጠው ኤንጂንኤክስ (ጥያቄዎችን ተቀብሎ ለሰርቨሩ የሚያስተላልፍ ፕሮግራም) በመደበኛው ቅንብሩ 60 ሰከንድ፣ የዳታቤዝ ጥያቄው ደግሞ ያለ ገደብ የሚጠብቅ ከሆነ፣ ሰርቨሩ ቀሪውን ጊዜ የሚሠራው ማንም ለማይቀበለው ምላሽ ነው። ደንቡ ወደ ውስጥ በገባን ቁጥር ገደቡ ማጠር አለበት የሚል ነው፤ ዳታቤዙ 6፣ ሰርቨሩ 8፣ ብራውዘሩ 10 ሰከንድ ቢባል፣ ውስጠኛው ሲወድቅ ውጨኛው ስሕተቱን በአግባቡ ለተጠቃሚው ለማድረስ ጊዜ ይተርፈዋል።

በብራውዘር ውስጥ አሠራሩ

ዋናው መሣሪያ አቦርት ኮንትሮለር ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ወደ ብራውዘሮች እየገባ አሁን በሁሉም ይገኛል። አሠራሩ ቀላል ነው። አዲስ ኮንትሮለር እንፈጥራለን፤ በውስጡ ያለውን ሲግናል ለፌች እንሰጣለን፤ ለማቆም ስንፈልግ በኮንትሮለሩ ላይ አቦርት የሚለውን ትእዛዝ እንጠራለን። ፌች የመለሰልን ፕሮሚስ (ገና የሚመጣውን ውጤት የሚወክለው ነገር) ወዲያው በስሕተት ይዘጋል፤ ብራውዘሩም በኤችቲቲፒ 1.1 ከሆነ ግንኙነቱን ይዘጋዋል፣ በኤችቲቲፒ 2 ከሆነ ደግሞ ያንን አንድ ጥያቄ ብቻ የሚሰርዝ ምልክት ልኮ ሌሎቹን ጥያቄዎች በዚያው ግንኙነት ያስቀጥላል።

ለጊዜ ገደብ ብቻ ከሆነ ይበልጥ አጭር መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ አቦርት ሲግናል ታይምአውት የሚባል ተግባር አለው፤ በሚሊ ሰከንድ ቁጥር ስንሰጠው፣ ለምሳሌ 8000 ስንል፣ ጊዜው ሲሞላ ራሱ የሚሰርዝ ሲግናል ይመልሳል። ይህን ሲግናል ተጠቃሚው «ተወው» ሲል ከሚሰርዘው ሲግናል ጋር አንድ ላይ ለመጠቀም ደግሞ ኤኒ የተባለው ተግባር ሁለቱን አጣምሮ አንድ ያደርጋቸዋል፤ ይህኛው በክሮም እ.ኤ.አ. በ2023፣ በፋየርፎክስና በሳፋሪ በ2024 ስለገባ፣ ብዙ አሮጌ ስልኮች ለሚከፍቱት ገጽ አንድ ኮንትሮለር ፈጥሮ ሰዓት ቆጣሪውም አዝራሩም ያንኑ እንዲጠሩ ማድረግ የተሻለ ነው።

ስሕተቱን ስንይዝ ሁለቱን ምክንያቶች መለየት ግድ ነው። ተጠቃሚው ሰርዞት ከሆነ ስሕተቱ አቦርት ኤረር የሚል ስም ይይዛል፤ ጊዜው አልቆ ከሆነ ታይምአውት ኤረር ይባላል። ራሱ የሰረዘን ሰው «ስሕተት ተፈጥሯል» ብሎ በቀይ ጽሑፍ ማስደንገጥ አያስፈልግም፤ ጊዜው ያለቀበትን ሰው ግን ምን ማድረግ እንደሚችል መንገር ያስፈልጋል። አንዳንድ የቆዩ የክሮም ቅጂዎች ጊዜው ሲያልቅም አቦርት ኤረር ይመልሱ ስለነበር፣ ልዩነቱ ወሳኝ በሆነበት ቦታ የራሳችንን ሰዓት ቆጣሪ ተጠቅመን፣ ጊዜው ማለቁን በአንድ ተለዋዋጭ ውስጥ መመዝገብ ያስተማምናል።

በዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። ፌች የሚመልሰው ፕሮሚስ የሚሳካው የምላሹ ሄደሮች (ስለ ምላሹ የሚገልጹ የመግቢያ መስመሮች) ሲደርሱ ነው፤ ገላው፣ ማለትም የክፍሎቹ ዝርዝር ራሱ፣ ገና በመንገድ ላይ ሊሆን ይችላል። የራሱን ሰዓት ቆጣሪ የሚጠቀም ፕሮግራመር፣ ፌች እንደተሳካ ቆጣሪውን ካጠፋውና ከዚያ በኋላ ገላውን እንደ ጄሰን (የመረጃ አጻጻፍ ስልት) ለማንበብ ቢጠብቅ፣ ያ ሁለተኛው መጠበቅ ምንም ገደብ የለውም። ሄደሩ ደርሶ መስመሩ ቢሞት ገጹ እንደገና በዝምታ ይንጠለጠላል። ቆጣሪው መጥፋት ያለበት ገላው ተነብቦ ካበቃ በኋላ፣ በፋይናሊ ክፍል (ቢሳካም ቢከሽፍም በመጨረሻ በሚሠራው የኮድ ክፍል) ውስጥ ነው። ሲግናሉ ራሱ ገላውን በማንበብ ላይ እያለንም ስለሚሠራ፣ ቆጣሪውን በቦታው መተው ብቻ ይበቃል።

ፕሮሚስ ሬስን ለዚህ ሥራ መጠቀም አሁንም በብዙ ኮድ ውስጥ ይታያል፤ ጥያቄውንና ሰዓት ቆጣሪውን አወዳድሮ ቀድሞ የደረሰውን መውሰድ ማለት ነው። እኔ አልመክረውም። ተሸናፊው ጥያቄ ስለማይሰረዝ መስመሩን እንደያዘ፣ የተጠቃሚውንም የኢንተርኔት ጥቅል እየበላ ይቀጥላል፤ ተጠቃሚው ሦስት ጊዜ ቢሞክር ሦስት ሕያው ጥያቄዎች በአንድ ላይ ይሄዳሉ። ይህ መንገድ ተገቢ የሚሆነው ስረዛን ጨርሶ የማይቀበል ላይብረሪ ሲገጥመን ብቻ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ገደብ የለም ለማለት ለሰዓት ቆጣሪው እጅግ ትልቅ ቁጥር የሚሰጥ ሰው ይጠንቀቅ። ብራውዘሮች ቁጥሩን የሚይዙት በ32 ቢት ስለሆነ፣ ከ25 ቀን ገደማ የሚበልጥ ቁጥር ሲሰጣቸው ሒሳቡ ይዛባና ቆጣሪው ወዲያው ሊጮኽ ይችላል።

የቀደመው ምላሽ ዘግይቶ ሲመጣ

ስረዛ ለጊዜ ገደብ ብቻ አይደለም የሚያገለግለው። ታኅሣሥ 19 የገብርኤል በዓል ስለሆነ በሐዋሳ ክፍል ይጠብባል፤ እንግዳው በገጹ ላይ 18ን ይጫናል፣ ክፍል የለም፤ 19ን ይጫናል፣ ሳይታገሥ ወዲያው 20ን ይጫናል። የ20ው ምላሽ ቀድሞ ደርሶ «ሁለት ክፍል አለ» ይላል፤ ከአንድ ሰከንድ በኋላ የ19ኙ ምላሽ ይደርስና ስክሪኑን «ክፍል የለም» በሚል ይሸፍነዋል። ከላይ የተመረጠው ቀን ግን አሁንም 20 ነው። ክፍሉ ክፍት ሆኖ እያለ እንግዳው ይሄዳል፤ በሰርቨሩ መዝገብም ሆነ በስሕተት መዝገቡ ውስጥ ምንም ስሕተት አይታይም።

መፍትሔው አዲስ ፍለጋ ሲጀመር ያለፈውን መሰረዝ ነው። የመጨረሻውን ኮንትሮለር በአንድ ተለዋዋጭ ውስጥ እናስቀምጣለን፤ አዲስ ጥያቄ ከመላካችን በፊት እሱን አቦርት እንለውና አዲስ ኮንትሮለር እንፈጥራለን። አንድ ኮንትሮለር አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚያገለግለው፤ አንዴ የተሰረዘ ሲግናል ለአዲስ ጥያቄ ቢሰጥ ጥያቄው ሳይላክ ይከሽፋል። በሪአክት (የድር ገጽ መሥሪያ ላይብረሪ) የሚሠራ ሰው ይህንኑ በኢፌክቱ የማጽጃ ተግባር ውስጥ ሊያደርገው ይችላል። የፍለጋ ሣጥን ከሆነ ደግሞ ተጠቃሚው ለ300 ሚሊ ሰከንድ ያህል መጻፍ እስኪያቆም ጠብቆ መላክ፣ የሚሰረዙትን ጥያቄዎች ቁጥር ከመጀመሪያው ይቀንሳል።

የመጫኛው ምልክት ጉዳይ ለብቻው መታየት አለበት። ብዙዎቻችን ምልክቱን የምናጠፋው በፋይናሊ ክፍል ውስጥ ነው፤ ፋይናሊ ደግሞ ለተሰረዘውም ጥያቄ ይሠራል። ስለዚህ የ20ው ጥያቄ ገና በመንገድ ላይ እያለ፣ የተሰረዘው የ19ኙ ፋይናሊ የአዲሱን ምልክት ያጠፋዋል፤ ገጹም ባዶ ሆኖ ሥራ ያቆመ ይመስላል። በፋይናሊው ውስጥ፣ ምልክቱን ከማጥፋት በፊት፣ የእኔ ኮንትሮለር አሁንም የመጨረሻው ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ይገባል። ይኸው ጥያቄ ውጤቱን ስክሪን ላይ ከመሳል በፊትም ይደገም፤ ገላው ተነብቦ ባለቀበት ቅጽበት የመጣ ስረዛ ምንም ውጤት የለውምና።

ክፍያው ከተላከ በኋላ

ፍለጋ ላይ የተሳሳተ ውሳኔ የሚያስከትለው መሰላቸትን ነው፤ ክፍያ ላይ ግን ገንዘብ ነው። ምግብ አዝዞ ሳይመጣለት ከሬስቶራንቱ የወጣ ሰው ወጥ ቤቱን አያስቆምም፤ ሒሳቡም በስሙ ይቆያል። የቀብዱ ጥያቄ በ30 ሰከንድ ውስጥ ምላሽ ካላገኘ ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል፤ ጥያቄው ሰርቨሩ ጋር አልደረሰም፤ ደርሶ እየተሠራ ነው፤ ወይም ተሠርቶ አልቆ ምላሹ በመመለስ ላይ ጠፍቷል። ከብራውዘሩ በኩል ሦስቱም አንድ ናቸው። በዚህ ሁኔታ ውስጥ «ክፍያዎ አልተሳካም፣ እባክዎ እንደገና ይሞክሩ» ብሎ መጻፍ እንግዳውን ሁለት ጊዜ እንዲከፍል መጋበዝ ነው።

መጀመሪያ መደረግ ያለበት ለእያንዳንዱ የክፍያ ሐሳብ አንድ ልዩ ቁልፍ መስጠት ነው። ቁልፉ የሚፈጠረው እንግዳው ማረጋገጫ ገጹ ላይ ሲደርስ ነው እንጂ ጥያቄው በተላከ ቁጥር መሆን የለበትም፤ ብራውዘሩ ውስጥ ያለው ራንደም ዩዩአይዲ የተባለው ተግባር ለዚህ ይበቃል። ገጹ ተዘግቶ ቢከፈት እንዳይጠፋ በሎካል ስቶሬጅ (በብራውዘሩ የራሱ ማከማቻ) ይቀመጣል፤ በሄደር ወይም በገላው ውስጥም ከጥያቄው ጋር ይላካል። ሰርቨሩ በዳታቤዙ ውስጥ ቁልፉን መደገም በማይችል ዓምድ ላይ መጀመሪያ ይጽፋል፤ ክፍያውን የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ያው ቁልፍ ሁለተኛ ሲመጣ፣ ሥራው አልቆ ከሆነ የተቀመጠውን ምላሽ መልሶ ይልካል፤ ገና በሥራ ላይ ከሆነ ደግሞ 409፣ ማለትም ግጭት አለ፣ የሚለውን ኮድ ይመልሳል። መኖሩን መጀመሪያ ፈትሾ ከሌለ መጻፍ የሚለው መንገድ አይበቃም፤ ሁለት ጥያቄዎች በአንድ ቅጽበት ከደረሱ ሁለቱም የለም የሚል መልስ ያገኛሉ። ይህን የሚከለክለው የዳታቤዙ ደንብ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ነገር የክፍያውን ጥያቄ ረጅም አለማድረግ ነው። በሞባይል ገንዘብ ሲከፈል ሰውየው በስልኩ ላይ የሚስጥር ቁጥሩን ማስገባት አለበት፤ ቁጥሩን እስኪያስታውስ አንድ ደቂቃ ሊፈጅበት ይችላል፤ ይህን ሁሉ ጊዜ አንድ ጥያቄን ከፍቶ መጠበቅ አይገባም። ሰርቨሩ ጥያቄውን መዝግቦ ወዲያው 202 የሚለውን ኮድ፣ ማለትም ተቀብያለሁ ገና አልጨረስኩም የሚለውን መልስ ይስጥ፤ ገጹ ደግሞ በየ2፣ 4፣ 8 ሰከንዱ በጌት ጥያቄ የማስያዣውን ሁኔታ ይጠይቅ። ጌት በሰርቨሩ ላይ ምንም ስለማይለውጥ ቢቋረጥም ቢደገምም ጉዳት የለውም። የክፍያ ሥርዓቱ ውጤቱን በራሱ መንገድ ለሰርቨራችን ሲያሳውቅ ያ መረጃ ከእንግዳው ብራውዘር ጋር አይያያዝም፤ እንግዳው ስልኩን አጥፍቶ ቢሆን እንኳ ክፍሉ ይያዝለታል።

በስክሪኑ ላይ የሚነበበው ጽሑፍም የኮዱ አካል ነው። ጊዜው ሲያልቅ «ክፍያዎን እያረጋገጥን ነው፤ እባክዎ ደግመው አይክፈሉ። ገጹን ቢዘጉትም ውጤቱን በአጭር መልእክት እንልክልዎታለን» የሚል ጽሑፍ ይታይ፤ አጭር መልእክቱም በእርግጥ ይላክ። «ሰርዝ» የሚለው አዝራር ደግሞ ጥያቄው ከተላከ በኋላ ከስክሪኑ ላይ መነሳት አለበት። አቦርት ብንጠራ የሚቆመው የእኛ ጥበቃ እንጂ ክፍያው ስላልሆነ፣ አዝራሩ እንግዳውን ይዋሻል። ክፍያን መሰረዝ የሚቻል ከሆነ ያ ለብቻው ለሰርቨሩ የሚላክ፣ የራሱ ምላሽ ያለው ሌላ ጥያቄ ነው።

ሰርቨሩ መሰረዙን ያውቃል ወይ

የብራውዘሩ መዝጋት በሰርቨሩ በኩል የሚታየው እንደ ግንኙነት መቋረጥ ነው፤ ኤንጂንኤክስ በመዝገቡ ላይ 499 ብሎ ይጽፈዋል። ይህ ቁጥር በድንገት ሲበዛ ተጠቃሚዎች ሳይታገሡ እየሄዱ ነው ማለት ስለሆነ በየጊዜው ማየት ይጠቅማል። ከዚያ ወዲያ ያለው በእኛ ኮድ ይወሰናል። ጎላንግ ለእያንዳንዱ ጥያቄ የሚሰጠው ኮንቴክስት፣ በኤኤስፒ ዶትኔት ኮር ደግሞ ሪኩዌስት አቦርትድ የተባለው ቶክን፣ ግንኙነቱ ሲዘጋ ምልክት ይሰጣሉ፤ ምልክቱን እስከ ዳታቤዝ ጥሪው ድረስ ማሳለፍ ግን የፕሮግራመሩ ሥራ ነው። በአንዱ መካከለኛ ተግባር ላይ ሳይተላለፍ ከቀረ ሰንሰለቱ እዚያው ይበጠሳል። ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ የሚጠብቀው ክላየንት መሄዱን ከባድ ጥያቄ እያስኬደ ሳለ በመደበኛው አይፈትሽም፤ የሚፈትሽበት ቅንብር የመጣው እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ቅጂ 14 ነው፤ ስቴትመንት ታይምአውት የተባለውም ገደብ ካልተሞላ 0 ነው። ሁለቱንም መሙላት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

የክፍያውን መመዝገቢያ ግን ከዚህ ሰንሰለት ማውጣት ይገባል። እንግዳው ስለሄደ ብቻ ገንዘቡን የተቀበለ ተግባር በመካከል ተቋርጦ ሳይመዘግብ መቅረት የለበትም።

እንደገና መሞከር

ለጌት ጥያቄ፣ እንዲሁም 408፣ 429፣ 503 እና 504 ለሚሉ ምላሾች (ጊዜ አልቋል፣ ጥያቄ በዝቷል ወይም ሰርቨሩ ለጊዜው አይችልም ለሚሉት) እንደገና መሞከር ተገቢ ነው፤ 400 (ጥያቄው ስሕተት ነው) ወይም 404 (የተጠየቀው የለም) ላለ ምላሽ መድገም ፋይዳ የለውም። ቁልፍ የሌለው የፖስት (በሰርቨሩ ላይ ለውጥ የሚያደርግ) ጥያቄ 504 ሲመለስለት ከጊዜ ገደብ ማለቅ ጋር እኩል ስለሆነ አይደገም። በሙከራዎቹ መካከል ያለው ጊዜ በእጥፍ ይደግ፤ በላዩም የዘፈቀደ ቁጥር ይጨመርበት። መብራት ተመልሶ አንድ ሰፈር ሙሉ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ወደ መስመር ሲገባ፣ ሁሉም ስልኮች በትክክል በ1፣ በ2፣ በ4 ሰከንድ ቢደግሙ ሰርቨሩ ላይ በሞገድ ይወርዱበታል፤ የዘፈቀደው ቁጥር ያንን ይበትነዋል። ሦስት ሙከራ ይበቃል። ጠቅላላውን የሚገዛ አንድ ገደብም ያስፈልጋል፤ እያንዳንዱ ሙከራ 8 ሰከንድ ከተሰጠውና ሦስት ጊዜ ከተሞከረ እንግዳው ግማሽ ደቂቃ ጠበቀ ማለት ነው። በሙከራዎች መካከል የሚደረገው ጥበቃም ሲግናሉን ማዳመጥ አለበት፤ አለዚያ ተጠቃሚው ከሰረዘ ከ4 ሰከንድ በኋላ አዲስ ጥያቄ ይላካል።

በሌሎች ቋንቋዎች

በፓይተን 3.11 አሲንክ አይኦ ታይምአውት የሚባል ብሎክ መጥቷል፤ በውስጡ ያለው ሁሉ በተሰጠው ጊዜ ካላለቀ ይሰረዛል። ስረዛው የሚመጣው ካንስልድ ኤረር በተባለ ስሕተት ነው። ከፓይተን 3.8 ጀምሮ ይህ ስሕተት ኤክሴፕሽን ከተባለው አጠቃላይ የስሕተት ምድብ ውጪ ሆኗል፤ ስም ሳይጠራ ሁሉንም የሚይዝ ኤክሴፕት (ስሕተት መያዣ ክፍል) ግን አሁንም ይውጠዋል፣ የተሰረዘው ሥራም ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል። ለማጽዳት ብንይዘውም መልሰን መልቀቅ አለብን። በሲ ሻርፕ የጊዜ ገደብ ማለቅም ሆነ የተጠቃሚ ስረዛ ታስክ ካንስልድ በሚል አንድ ስሕተት ይመጣሉ፤ ከዶትኔት 5 ጀምሮ በውስጡ ታይምአውት ኤክሴፕሽን ካለ ጊዜ አልቋል ማለት ነው። በጎላንግ ደግሞ ኮንቴክስቱን ከፈጠርን በኋላ የሚመለሰውን የመሰረዣ ተግባር በዲፈር (ተግባሩ ሲያልቅ በሚሠራ ትእዛዝ) ወዲያው መመዝገብ ልማድ ይሁን።

መፈተን

በብራውዘሩ የገንቢዎች መሣሪያ ውስጥ ያለው ኦፍላይን የሚል ምርጫ የጊዜ ገደብን አይፈትንም፤ ስሕተቱ ወዲያው ስለሚመጣ ቆጣሪው ጨርሶ አይደርስም። የሚያስፈልገው ዝም የሚል ሰርቨር ነው። ኖድ (ጃቫስክሪፕትን ከብራውዘር ውጪ የሚያስኬድ ፕሮግራም) ላይ በጥቂት መስመር ሦስት አድራሻዎች ያሉት ትንሽ ሰርቨር ይጻፍ፤ አንዱ ጥያቄውን ተቀብሎ ምንም አይመልስ፤ ሁለተኛው ሄደሩን ልኮ ገላውን ያስቀር፤ ሦስተኛው በየሰከንዱ አንድ ባይት ያንጠባጥብ። ቆጣሪውን ቀድሞ የሚያጠፋ ኮድ የመጀመሪያውን ፈተና አልፎ በሁለተኛው ይወድቃል፤ በባይቶች መካከል ያለውን ጊዜ ብቻ የሚለካ ደግሞ ሦስተኛው ላይ ለዘላለም ይጠብቃል። የሊኑክስ ፋየርዎል (የኔትወርክ ኬላ) ላይም ፓኬቱን ሪጀክት ሳይሆን ድሮፕ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ሪጀክት መልስ ይሰጣል፣ ድሮፕ ግን ዝም ብሎ ይጥለዋል።

ለክፍያው ደግሞ ሰርቨሩ መዝገቡን ከጻፈ በኋላ ምላሹን ሳይልክ ግንኙነቱን እንዲዘጋ እናድርግ፤ ከዚያ ገጹን ዘግተን ከፍተን አዝራሩን ሁለት ጊዜ እንጫን። በክፍያ ሠንጠረዡ ውስጥ መገኘት ያለበት አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ሁለት ከተገኘ ቁልፉ በገጹ መከፈት ወይም በአዝራሩ መጫን እንደ አዲስ እየተፈጠረ ነው፣ አለዚያም ዓምዱ መደገምን አልከለከለም።